ጨረታው ከመከፈቱ በፊት፦ የሚረዳውን ድርጅት ስለ መምረጥ



አሜሪካዊው ባለሀብት ዋረን በፌት ከእሳቸው ጋር ምሳ የመብላትን ዕድል ለጨረታ ያቀረቡት መጀመሪያ በ2000 ነበር። (በዚህ ንግግር ውስጥ ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዚያ ዓመት አሸናፊ 25 ሺህ ዶላር ከፈለ። በ2003 ጨረታው ኢቤይ ወደሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ሲዛወር ዋጋው 250,100 ዶላር ደረሰ፤ በ2008 ከ2 ሚሊዮን አለፈ፤ በ2019 ደግሞ 4,567,888 ዶላር ሆነ። በ2022 ስሙ ያልተገለጸ ተጫራች 19,000,100 ዶላር ጠርቶ አሸነፈ። እስከዚያ ዓመት የተሰበሰበው ሁሉ ሲደመር ከ53 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል።

ጋዜጦች በየዓመቱ ያወሩት ስለ ዋጋው ነው። ለዛሬው ርእስ ግን ከዋጋው ይልቅ ተቀባዩ ያስተምራል። ገንዘቡ የገባው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ቴንደርሎይን በሚባለው ድህነት የበረታበት ሰፈር ለሚሠራው ግላይድ ለተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ግላይድ የበቀለው ከአንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። ቄስ ሴሲል ዊሊያምስ በ1963 ሲመደቡበት ምእመኑ ሳስቶ ነበር። እሳቸውና ኋላ ያገቧቸው ገጣሚዋ ጃኒስ ሚሪኪታኒ በሩን ለቤት አልባው፣ በሱስ ለተያዘው፣ ለተራበው ሁሉ ከፈቱት። ትኩስ ምግብ ማብላት፣ ሕፃናት መጠበቅ፣ የጤና ምርመራ ማድረግ የደብሩ የዘወትር ሥራ ሆነ።

በፌት የሚኖሩት ከዚያ በጣም ርቆ በነብራስካ፣ ኦማሃ ከተማ ነው። ግላይድን ያገኙት በባለቤታቸው በሱዛን በኩል ነበር። ሱዛን በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ከመጡ በኋላ ወደ ግላይድ እየሄዱ በበጎ ፈቃድ አገለገሉ፤ ከዚያም ባለቤታቸውን ወስደው አሳዩዋቸው። ኩባንያን በሒሳብ መዝገቡ መዝነው በመግዛት የታወቁት ሰው ይህን ድርጅት የመረጡት አንድ የቤተሰባቸው አባል በቦታው ሠርታ ስለምታውቀው ነው። ሱዛን በ2004 ቢያርፉም ጨረታው ቀጠለ።

ይህን ያህል ገንዘብ የሚያስጠራ ሰው በየሰፈሩ አይገኝም። የአመራረጡ መንገድ ግን ለማንም ክፍት ነው። አንድ ማኅበረሰብ የራሱን የኢንተርኔት ጨረታ ሲያዘጋጅ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ዕቃው ነው፦ ማን ምን ይሰጣል፣ መነሻ ዋጋው ስንት ይሁን፣ ፎቶውን ማን ያንሣ፣ ጨረታው በስንት ሰዓት ይዘጋ። የሚረዳው ድርጅት የሚፈለገው መጨረሻ ላይ ነው፤ አንዱ የኮሚቴ አባል የሚያውቀውን ስም ይጠራል፣ ሌላው “ይሁን” ይላል፣ ስሙ ገጹ ላይ ይለጠፋል። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ዕቃ የሚሰጠው ነጋዴም፣ ዋጋ የሚጠራው ጎረቤትም የሚመጡት በድርጅቱ ስም ነውና ከሁሉም የሚቀድመው ሥራ ምርጫው ነው።

ለኢትዮጵያውያን ጨረታና ምጽዋት ተያይዘው የኖሩ ነገሮች ናቸው። ለስለት የገባ ጃንጥላ፣ መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ አንዳንዴም በግ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ለጨረታ ይቀርባል፤ ምእመኑ ከገበያው በላይ ይጠራል። እዚያ ገንዘቡ ለምን ይውላል ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጣሪያው ያላለቀው ሕንፃ ከፊቱ ቆሟልና። በኢንተርኔት ጨረታ ላይ ግን ተጫራቹ የሚያየው የዕቃውን ፎቶና የድርጅቱን ስም ብቻ ነው። በግቢው ውስጥ ዐይን ይሠራው የነበረውን ሥራ አዘጋጁ ራሱ ሠርቶ ማቅረብ አለበት። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከ2002 ጀምሮ ትንሿ ኢትዮጵያ ተብሎ በሚጠራው ሠፈር ያለ ማኅበርም ሆነ የኦክላንድ ወይም የሳን ሆዜ ማኅበር እንዲህ ያለ ጨረታ ቢያስብ ይኸው ጥያቄ ይጠብቀዋል።

የድርጅት ስም ዋጋ እንደሚጨምር በጥናት የታየ ነገር ነው። ኤልፈንባይንና ማክማነስ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ጥናት ኢቤይ ላይ የተሸጡ ፍጹም ተመሳሳይ ዕቃዎችን አነጻጸሩ፦ አንዱ ለበጎ አድራጎት፣ ሌላው ለተራ ንግድ። ለበጎ አድራጎት የቀረበው በአማካይ 6 በመቶ ጨምሮ ተሸጠ። ተጫራቾቹም ቀደም ብለው ዋጋ መጥራት ይጀምሩ ነበር፤ ይህም ሌሎቹን አነሣሣ። ፊስማን የተባለ ሌላ ተመራማሪ ተጨምሮበት በ2012 የወጣው ተከታዩ ጥናት ደግሞ ገና ስም ያላፈሩ ሻጮች ከበጎ አድራጎት ስም ይበልጥ እንደሚጠቀሙ አሳየ፤ ገዢው የማያውቀውን ሻጭ የሚያምነው ድርጅቱን አይቶ ነው። ስለዚህ ድርጅቱ ከጨረታው ገንዘብ ብቻ የሚቀበል አይደለም፤ የራሱን መልካም ስም አስቀድሞ ያበድራል። ይህ ብድር ያለ ፈቃድ የሚወሰድ ከሆነ ደግሞ በደል ነው።

ካሊፎርኒያ በዚህ ጉዳይ ከሌሎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ቀድማለች። በ2021 የጸደቀውና ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ የጸናው ኤቢ 488 የተባለው ሕግ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚሰበስቡ ድረ ገጾችን በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቁጥጥር ሥር አደረገ። ሕጉ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ የድርጅቱን ስም ከመጠቀም በፊት ፈቃዱ በጽሑፍ እንዲጠየቅ ያዛል። በፌዴራል የገቢዎች መሥሪያ ቤት፣ በግዛቱ የግብር ቦርድ ወይም በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ መዝገብ ለታገደ ድርጅት ገንዘብ መሰብሰብን ይከለክላል፤ የተሰበሰበውም ሳይዘገይ ከነሒሳቡ እንዲደርስ ያስገድዳል። አንድ ትንሽ የማኅበረሰብ ጨረታ በሕጉ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው እንደ አሠራሩ ስለሚለያይ ከጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ መጠየቅ ይሻላል። ሕጉ ባያስገድድ እንኳ ሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም ፈቃዱ፣ የመዝገብ ምርመራውና ፈጣን ክፍያው፣ ለማንኛውም አዘጋጅ የሚበጁ ናቸው።

መዝገብ መመርመሩ እንደሚፈራው አድካሚ አይደለም። በአሜሪካ አብዛኛው ከግብር ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት በየዓመቱ ቅጽ 990 የሚባል ሪፖርት ለገቢዎች መሥሪያ ቤት ያቀርባል፤ ሪፖርቱም ለማንም ክፍት ነው። ያልለመደ ሰው በገጹ ብዛት ይደናገጣል። ለጨረታ ኮሚቴ ግን ሦስት ቦታ ማንበብ ይበቃል። ክፍል 3 ድርጅቱ በዓመቱ ምን እንደሠራ በራሱ ቃል ይናገራል። ክፍል 7 ለኃላፊዎቹ ምን ያህል እንደተከፈለ ያሳያል። ክፍል 9 ደግሞ ወጪውን ለአገልግሎት፣ ለአስተዳደርና ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ከፍሎ ያስቀምጣል። ክፍል 3 ላይ “ችግረኞችን ረድተናል” ብሎ ያለፈና ክፍል 9 ላይ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ብዙ ያፈሰሰ ድርጅት ሲገኝ መጠየቅ ያሻል።

ታዲያ መዝገብ የሌለው ሁሉ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም። ዓመታዊ ገቢያቸው በመደበኛነት ከ50 ሺህ ዶላር የማይበልጥ ትንንሽ ድርጅቶች የሚሞሉት ጥቂት መስመር ያለው አጭር የኤሌክትሮኒክስ ቅጽ ነው፤ ከእሱ ብዙ አይገኝም። አብያተ ክርስቲያናት ከነጭራሹ ቅጽ 990 የማቅረብ ግዴታ የለባቸውም። የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ እርዳታ በአመዛኙ በደብር ዙሪያ የሚሠራ ስለሆነ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ላለው ሒሳቡን ከራሱ ከደብሩ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነው። በሌላ በኩል ሪፖርት ማቅረብ ያለበት ድርጅት ሦስት ዓመት በተከታታይ ከቀረ ከግብር ነጻ መሆኑ በሕግ ይሰረዛል። በ2011 የገቢዎች መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያውን የተሰረዙ ድርጅቶች ዝርዝር ሲያወጣ ወደ 275,000 የሚጠጉ ስሞች ነበሩበት። ብዙዎቹ ትንንሽ ነበሩ፤ በቸልተኝነት የተሰረዘውና ከናካቴው የፈረሰው ተቀላቅለው ተገኙ። በኢንተርኔት አንድ ጊዜ ስሙን ፈልጎ ማረጋገጥ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

የስም መመሳሰል ሌላው አደጋ ነው። በግንቦት 2015 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ50ዎቹም ግዛቶችና ከዋና ከተማዋ ጋር ሆኖ ካንሰር ፈንድ ኦፍ አሜሪካን ጨምሮ አራት ድርጅቶችን ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው ከ2008 እስከ 2012 ለካንሰር ሕሙማን ተብሎ ከለጋሾች ከተሰበሰበው ከ187 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገንዘብ አብዛኛው ለሕሙማን አልደረሰም፤ ለአስተዳዳሪዎቹ፣ ለቤተሰቦቻቸውና በስልክ ገንዘብ ለሚያሰባስቡ ሰዎች ውሏል። ክሱ በ2016 በስምምነት ተቋጭቶ ካንሰር ፈንድ ኦፍ አሜሪካ እንዲፈርስ ተደረገ። ስሙን የሰማ ሰው ከታዋቂው የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ጋር ቢያምታታው አይፈረድበትም። ስለዚህ ኮሚቴው የሚይዘው ስሙን ብቻ ሳይሆን የድርጅቱን የግብር መለያ ቁጥር መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት አንድ መለኪያ አለ፤ የአስተዳደር ወጪ። “ከመቶው ስንቱ ለቢሮ ይውላል?” ብሎ መጠየቅና ዝቅተኛውን መምረጥ ቀላል ይመስላል። በ2013 ጋይድስታር፣ ቻሪቲ ናቪጌተርና የቢቢቢ የልገሳ ጉዳዮች ተቋም፣ ማለትም ድርጅቶችን በመመዘን የሚታወቁት ሦስቱ ተቋማት፣ በአንድ ላይ ለአሜሪካ ለጋሾች ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ይህ መለኪያ ብቻውን ደካማ መሆኑን ተናገሩ። ኢትዮጵያም ይህን ነገር በሕግ ሞክራ አይታዋለች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ድርጅቶች ለአስተዳደር ከ30 በመቶ በላይ እንዳያወጡ ገደበ፤ በኋላ የወጣው መመሪያ ደግሞ የሥልጠናን፣ የክትትልንና የጉዞን ወጪ ከአስተዳደር ጋር ቆጠረ። ገጠር ወርዶ አዋላጅ የሚያሠለጥን ድርጅት መኪናውም አሠልጣኙም “አስተዳደር” ሆኑበት። በዚያው አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1113 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርድም አስተዳደራዊ የሚባለውን ወጪ ትርጉም አጥብቦ፣ ከሥራው ጋር የተያያዘው ከዚያ እንዲወጣ አደረገ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፦ አንድ የምግብ ማደያ ለማቀዝቀዣውና ለሹፌሩ የሚያወጣው ገንዘብ ራሱ እርዳታው ነው። የሚጠየቀው የቢሮው ድርሻ ስንት ነው ከማለት በፊት፣ ያለዚህ ወጪ ሥራው ይሠራል ወይ የሚለው ነው።

ምርጫውን ለሕዝብ ድምፅ መተው ፍትሐዊ ይመስላል። የቼዝ ባንክ ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ በፌስቡክ ያካሄደው የድምፅ ውድድር በዚህ መንገድ የተሠራ ነበር። በጥር 2010 የ1 ሚሊዮን ዶላሩን ሽልማት የወሰደው የሳን ዲዬጎው ኢንቪዝብል ችልድረን ነበር፤ በኡጋንዳ ጦርነት የተጎዱ ሕፃናትን ጉዳይ የያዘና በወጣቶች ዘንድ ሰፊ ተከታይ ያለው ድርጅት። ያሸነፈው በደንቡ ነው፤ ድምፅ ግን የሚለካው ተከታይን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ለአዛውንቶች ምግብ የሚያደርሱ ጥቂት ሰዎች ያሉበት ድርጅት ፌስቡክ የሚመለከትለት ሰው እንኳ የለውም። ለሰፈር ጨረታ የተሻለው መንገድ ትንሽ ኮሚቴ ሰይሞ፣ መስፈርቱን አስቀድሞ በጽሑፍ አውጥቶ፣ ሁለት ወይም ሦስት ድርጅት ብቻ መምረጥ ነው። ሃምሳ ስም የተደረደረበት ገጽ ለተጫራቹ ምርጫ ይመስላል እንጂ ለእያንዳንዱ ድርጅት የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ሃምሳውንም ሄዶ ያየ አይኖርም።

ሄዶ ማየት የሚባለውም እንዴት እንደሆነ መናገር ያሻል። ሐሙስ ከሰዓት ምግብ የሚያድል ድርጅት የሚጎበኘው ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት በቀጠሮ የሚደረግ ጉብኝት የሚያሳየው ጠረጴዛና ወንበር ነው። ሰልፉ ስንት ሰዓት ይጀምራል? ምግቡ ሲያልቅ ገና ሰልፍ ላይ ያለው ሰው ምን ይባላል? እንግሊዝኛ የማይችለውን ማን ያናግረዋል? ማቀዝቀዣው ስንት ነው፣ አንዱ ቢበላሽስ? በጎ ፈቃደኛው ከመጣ ስንት ጊዜ ሆነው? እንዲህ ያለው ጥያቄ በሥራ ላይ ላለ ሰው በቆመበት ሲቀርብ መልሱ ይፈስሳል። እድር ይህን ጥበብ በደንብ ያውቀዋል፤ ለሐዘንተኛው የሚደርሰው እቤቱ ሄዶ፣ የጎደለውን አይቶ ነው። የእድር ዳኛና ጸሐፊ የሆኑ ሰዎች በጨረታ ኮሚቴ ውስጥ ቢገቡ ከማንም የተሻለ መርማሪ ይሆናሉ።

መጠንም ይታሰብ። ለግላይድ 4 ሺህ ዶላር ከብዙዎች አንዱ ስጦታ ነው። ለአንድ የሰፈር የሴቶች መጠለያ ወይም የቋንቋ ትምህርት ቤት ግን ያው 4 ሺህ ዶላር የወራት ኪራይ ወይም የዓመት መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። ይህ ሲባል አቅም ያላቸው ድርጅቶች አይረዱ ማለት አይደለም፤ የትንሽ ጨረታ ትልቁ ጉልበት ግን ትንሹ ድርጅት ዘንድ ነው። ገንዘቡ በአካባቢው እንዲቀር ደግሞ ገበያው መጥበብ የለበትም። ጉድዊል የተባለው አንጋፋ የእርዳታ ድርጅት በ1902 በቦስተን ሲጀመር ቄስ ኤድጋር ሄልምስ ያረጀ ልብስና ዕቃ እየሰበሰቡ፣ ድሆችን ቀጥረው እያሳደሱ ይሸጡ ነበር። በ1999 የካሊፎርኒያው ኦሬንጅ ካውንቲ ጉድዊል ሾፕጉድዊል የሚባለውን የኢንተርኔት ጨረታ ከፈተ። ዛሬ በየክልሉ ያሉት ጉድዊሎች ዕቃቸውን እዚያ ያቀርባሉ፤ ዕቃውን ያቀረበው ከሽያጩ የሚያገኘውም በራሱ አካባቢ ለሚሰጠው የሥራ ሥልጠና ይውላል። ገበያው ሀገር አቀፍ ሆኖ ጥቅሙ የአካባቢ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ድርጅቱ ከተመረጠ በኋላ ለተጫራቹ የሚነገረው ቃል ልክ ይሁን። ኢቤይ ለበጎ አድራጎት በከፈተው አሠራር ሻጩ ከ10 እስከ 100 በመቶ ያለውን የራሱን ድርሻ መርጦ ይሰጣል፤ መቶኛውም ዕቃው ላይ ተጽፎ ይታያል። የሰፈር ጨረታም “ገቢው ለእርዳታ” ብሎ ከማለፍ “ከሽያጩ 80 በመቶ ለእገሌ ድርጅት፣ 20 በመቶ ለማጓጓዣና ለክፍያ አገልግሎት” ብሎ ቢጽፍ ሁሉም ይረጋጋል።

ግብሩንም በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። በገበያ 120 ዶላር የሚያወጣ የሀበሻ ቀሚስ በጨረታው 180 ዶላር ተሸጠ እንበል። ገዢዋ ከግብር የሚታሰብላት ልገሳ 180ው ሙሉ አይደለም፤ ከገበያ ዋጋው በላይ የከፈለችው 60 ዶላር ብቻ ነው። ለዚህም የገበያ ዋጋው አስቀድሞ ገጹ ላይ መጻፍ አለበት። ክፍያው ከ75 ዶላር ሲያልፍ ተቀባዩ ድርጅት ይህን ለገዢዋ በጽሑፍ የመግለጽ ግዴታ አለበት። ሹሩባ ልሥራ ብላ ሙያዋን የሰጠች ፀጉር ሠሪ ደግሞ የድካሟን ዋጋ ከግብር ማስቀነስ አትችልም፤ ሕጉ የጉልበት አገልግሎትን እንደ ልገሳ አይቆጥርም። ይህ ጨረታው ካለቀ በኋላ ሲሰማ ቅር ያሰኛልና አስቀድሞ ቢነገራት ይሻላል።

የሚቀረው ድርጅቱ በመሐል ቢፈርስ ወይም ምዝገባው ቢታገድ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። ለጋሾች አንዱን ድርጅት መርጠው የሰጡት ገንዘብ ሳያውቁት ወደ ሌላ መሄዱ በአሜሪካ እስከ ክስ የደረሰ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የምትኩ ድርጅት ስም ከዋናው ጋር አብሮ፣ የመጀመሪያው ዕቃ ገጹ ላይ ሳይወጣ በደንቡ ውስጥ ይጻፍ፤ ለምትኩም እንደ ዋናው ሁሉ መዝገቡ ይታይ፣ ፈቃዱ ይጠየቅ፣ በሥራው ሰዓትም ሄዶ የሚያየው ሰው ይመደብ።